ከማንሳታችሁ በፊት አንኳኩ

ሰላም ልጆች። ሰሞኑን ፎቶ የጀመራችሁ ሁለት ሶስት ልጆች ኢንቦክስ "ጋሼ የፈረንሳይ ገጠር ልንወጣ ነው፣ ምን እናንሳ፣ ምን ሌንስ እንያዝ" ብላችሁኝ ነበር፣ በአንድ መስመር የሚመለስ ስላልሆነ እዚሁ ዘርዘር ላርገው ብዬ ነው። ከሌንሱ ቶሎ ልገላገል፣ የያዛችሁት ይበቃል፣ ስልክም ከሆነ ስልክ። በቃ።

እኔ ሰላሳ ምናምን አመት በፎቶ እንጀራ በልቻለሁ፣ ሰርግ በሉት ካታሎግ በሉት ፖስትካርድ በሉት የመጣውን ሁሉ፣ ጡረታ ስወጣ ደግሞ ከከተማ ሸሽቼ ደቡብ ፈረንሳይ፣ አቬሮን ውስጥ ላርዛክ የሚባል ደጋ ላይ አንዲት ሚጢጢ መንደር ገባሁ። ላርዛክ ማለት ድንጋይና በግ ነው፣ ሮክፎር የሚባለው አይብ ወተቱ ከዚህ አካባቢ በጎች ነው፣ ብርዱን ተዉት። እዚህ ጡረተኛ ምን ይሰራል? እኔ የበር ፎቶ አነሳለሁ። ሚስቴ "የሰው በር ስትቆጥር ልታልቅ ነው" ትለኛለች።

መጀመሪያ የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። በ1980ዎቹ (አመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው) ለአንድ ፖስትካርድ አሳታሚ ደቡብ ፈረንሳይን በመኪና እየዞርኩ በር አነሳ ነበር። ወጣት ነበርኩ፣ ስታይል የሚባል ነገር ይዞኛል፣ ጠጋ ብዬ ማንኳኪያውን ብቻ፣ የቁልፍ ቀዳዳውን ብቻ፣ የዛገ ማጠፊያ ብቻ። አራት ሳጥን ሙሉ ስላይድ ወጣኝ። ካቻምና አውጥቼ ሳያቸው አቤት ቀለም፣ አቤት ጥራት፣ ግን አንዱም ላይ የመንደር ስም የለም። የድሮ ፎቶ ለሚያስቀምጥ ለአንድ ማህደር ልስጠው ብዬ ብወስድ የተቀበለችኝ ሴትዮ በትህትና "የት ነው ይሄ?" አለችኝ። አላውቅም። "መቼ?" እንጃ። "የማን ቤት ነበር?" ዝም። ሳጥኔን ታቅፌ ተመለስኩ። አያችሁ፣ ማንሳቱን አሳምሬ እችል ነበር፣ ያነሳሁት ነገር ምን እንደሆነ ነው የማላውቀው።

እና የምላችሁ ይሄንኑ ነው፣ ነገሩ ምን እንደሚሰራ፣ ማን እንደሚነካው ሳትጠይቁ አንስታችሁ አትሂዱ፣ የሰማችሁትን ደግሞ እዛው ቀን ጻፉት፣ ነገ የሚባል ነገር የለም። ኧዤን አትዤ የሚባል ሰው ነበር፣ በ1857 የተወለደ፣ ሳጥን የሚያክል የእንጨት ካሜራና የመስታወት ፕሌት ተሸክሞ በጠዋት የፓሪስን ግቢ፣ ሱቅ፣ የበር ማንኳኪያ ሳይቀር ሲያነሳ እድሜውን የጨረሰ፣ በ1927 ሞተ። በዘመኑ እንደ አርቲስት የቆጠረው ብዙ ሰው አልነበረም፣ እሱም ስራውን "ዶክመንት" ነበር የሚለው። ግን ፎቶዎቹን ቁጥር እየሰጠ ቦታቸውን ይጽፍ ነበር፣ ዛሬ የፈረሰ ቤት ፈልጎ የሚመጣ ሰው እዛ ያገኘዋል። የኔን ሳጥን ግን ማን ይፈልገዋል።

እሺ አሁን ወደ በሩ። ከላይ ጀምሩ። ጉበኑ ድንጋይ ከሆነ ብዙ ጊዜ አመተ ምህረት ተቀርጾበታል፣ 17 ምናምን፣ 18 ምናምን፣ ጎንና ጎኑ ሁለት ሁለት ፊደል ካለ የባልና የሚስት ስም መነሻ ሊሆን ይችላል። ጸሀይ ፊት ለፊት ስትመታው አይነበብም፣ ከጎን ስትመጣ ጠብቁት፣ ያኔ ፊደሉ ብድግ ይላል። ከጉበኑ ወደ መስኮቱ፣ በድንጋይ የተደፈነ መስኮት ታያላችሁ። ፈረንሳይ በ1798 የበርና የመስኮት ግብር አውጥታ እስከ 1926 ስታስከፍል ነበር፣ መስኮትህ በበዛ ቁጥር ትከፍላለህ፣ ስለዚህ ሰው መስኮቱን ደፍኖ ጨለማ ውስጥ ተቀመጠ። ግን ደግሞ የተደፈነ ሁሉ በግብር አይደለም፣ ለፊት ገጽ ማማር ተብሎ ከመጀመሪያው የውሸት የተሰራም አለ፣ እና "ግብር ነው" ብላችሁ ፖስት ከማድረጋችሁ በፊት አንድ ሽማግሌ ጠይቁ።

መስኮቱ ጎን ግድግዳው ላይ ደግሞ መዝጊያውን የምትይዝ የአውራ ጣት የምታክል ብረት አለች፣ የሴት ጭንቅላት ቅርጽ ያላት፣ እነሱ የእረኛዋ ራስ ይሏታል። ቀን መዝጊያው ሲከፈት ቀጥ ብላ ትቆማለች፣ ማታ ሲዘጋ አንገቷን ደፍታ ታድራለች። አንድ ጊዜ ብቻ ካነሳችኋት ግማሿን ነው ያነሳችሁት፣ ማታ ተመለሱ።

እዚህ እኛ ጋ፣ በተለይ ላ ኩቬርቷራድ የሚባለው በግንብ የታጠረ መንደር፣ ሳንቃው ላይ በሚስማር የተመታ ትልቅ ደረቅ አበባ ታያላችሁ፣ ካርዳቤል ይባላል፣ የኛን ኮሸሽላ መሬት ላይ ጨፍልቃችሁ ጸሀይ አስመስላችሁ ብትዘረጉት በሉ። ለጌጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ አየሩ ሲደርቅ ይከፈታል፣ እርጥበት ሲመጣ ይዘጋል፣ እረኛው ጠዋት ሲወጣ እሱን አይቶ ነው ካፖርቱን የሚይዘው። ሞቶም ይሰራል፣ የሚገርመኝ እሱ ነው። በነገራችን ላይ መልቀሙ በብዙ ቦታ ቁጥጥር አለበት፣ ለፎቶ ብላችሁ ከሜዳ እንዳትነቅሉ።

ከበሩ ስር ተንበርከኩ፣ ድመት የምትገባበት ቀዳዳ አለ፣ ቆማችሁ ካነሳችሁት ጉድጓድ ይመስላል፣ ሱሪ ይታጠባል ተንበርከኩ። ከዛ አደባባይ ውጡና የ1914 እስከ 18 ጦርነት፣ የአንደኛው የአለም ጦርነት፣ ሀውልት ላይ ያለውን ስም አንብቡ፣ የሌለው መንደር ከስንት አንድ ነው፣ ሶስት አራት ጊዜ የሚደጋገም የቤተሰብ ስም ካያችሁ ስለሱ ቤት ጠይቁ፣ ቁልፉ ለምን እንደዛገ አንዳንዴ እዛ ነው የሚገባችሁ።

ህጉን የሚፈራም አለ። ከመንገድ ላይ ሆኖ በር ማንሳት ችግር የለውም፣ በ2004 የፈረንሳይ ሰበር ችሎት የንብረት ባለቤት በንብረቱ ምስል ላይ ብቸኛ መብት የለውም ብሏል፣ የተለየ ጉዳት ካላደረሳችሁበት በቀር። ሰው ግን ሌላ ነው፣ በመስኮት አሻግራችሁ ሰው እንዳታነሱ። ህግ ቢፈቅድም ባይፈቅድም ደግሞ መጀመሪያ "ቦንዡር" ብላችሁ ሰላምታ ስጡ። ቦንዡር ሳትሉ ጥያቄ ከጀመራችሁ ገጠር ውስጥ ያ ቀን ለናንተ አለቀ።

ገጠር ምን አለ ለሚል ደግሞ፣ እስከዛሬ ከተረፉት የካሜራ ፎቶዎች ሁሉ የመጀመሪያው የተነሳው ፓሪስ አይደለም፣ ቡርጎኝ ውስጥ ሳን ሉ ደ ቫሬን በምትባል መንደር ከአንድ ቤት መስኮት ነው፣ ኒሴፎር ኒየፕስ በ1826 ወይ በ27 ያነሳው፣ የሚታየውም ጣራና የእርግብ ቤት ነው። የኛው የሀረሩ ገጣሚ አርተር ራምቦ እንኳን፣ የሰሜን ፈረንሳይ፣ የአርደን ሰው፣ ካሜራ ከፈረንሳይ አስመጥቶ በ1883 ሀረር ላይ ራሱን አንስቶ ፎቶውን ገጠር ላሉት ለናቱ ልኮ ነበር፣ ማጠቢያው ውሀ መጥፎ ሆኖ ፎቶው ነጣብኝ ብሎም አማሯል። እኔ የሱን መንገድ በተገላቢጦሽ የሄድኩ ሰውዬ ነኝ፣ ውሀው እዚህ ደህና ነው።

አንድ ልጨምር። ጎረቤቴ ማዳም ሰማንያዎቹ ውስጥ ናቸው፣ በራቸው ሰማያዊ ነው፣ መሀሉ ላይ አንዲት ሚስማር አለች፣ ከስሯ ቀለሙ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ተልጦ እንጨቱ ወጥቷል። ሶስት አመት ሙሉ አነሳኋት፣ በጉም፣ በበረዶ፣ በጸሀይ፣ ካርዳቤል የነበረባት ናት ብዬ ለሰው ሁሉ አስረድቻለሁ፣ ፖስትም አድርጌያለሁ። አንድ ቀን ዝናብ ይዞኝ አስገቡኝ፣ ቡና ሲቀዱልኝ ጠየቅኳቸው። ሳቁብኝ። "ሙስዬ፣ የዳቦ ነች" አሉ። ዳቦ ጋጋሪው በመኪና ሲዞር እሳቸው ከሌሉ የጨርቅ ከረጢቱን እሷ ላይ አንጠልጥሎ ይሄዳል፣ ከሳቸው በፊት ለናታቸውም እንደዛው ነበር፣ ከረጢቱ በንፋስ ወዲያ ወዲህ ሲል ነው ቀለሙን የበላው።

ማክሰኞ ጠዋት ሄጄ ከነከረጢቱ አነሳኋት። የዳቦው ጫፍ ከከረጢቱ ወጣ ብሎ ይታያል፣ ተገምጧል። ማዳም ዳቦ ጋጋሪውን ነው የሚጠረጥሩት፣ እሱ ደግሞ ያንን ካሜራ የያዘውን ሰውዬ።