«የኮንስትራክሽን ጠበቃ ጠቁሙኝ» ላልከው ወንድሜ

ጥያቄህን አነበብኩት። የጂ+4 ሥራ ጨርሰህ አስረክበሃል፣ ባለቤቱ የመጨረሻውን ክፍያና ሪቴንሽኑን (ከየክፍያህ ለዋስትና ተቀንሶ የቆየውን ገንዘብ) ከልክሎሃል፣ ሦስት ጠበቃ አናግረህ ክሌም (ተቋራጭ የሚያቀርበው የተጨማሪ ክፍያ ወይም ጊዜ ጥያቄ) ምን እንደሆነ የገባው አላገኘህም። እኔ ኮንትራት አስተዳደር ላይ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ የደረሰብኝን ልንገርህ።

በኮንስትራክሽን ሕግ የተካኑ ጠበቆች አሉ፣ ግን እኔ የማውቃቸው በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። እነሱም በትልልቅ የመንገድ ክርክሮች ተይዘዋል።

እኛ አንድ ጊዜ በውል ክርክር ጎበዝ የተባለ ጠበቃ ያዝን። ሪቴንሽኑን ክሱ ላይ «መያዣ» ብሎ ጻፈው። ሳይት ላይ እንደዚያ ስለምንለው ማናችንም ልብ አላልንም። ዳኛዋ «መያዣው የተመዘገበው የት ነው?» አሉ። ለሕግ ሰው መያዣ ማለት ቤት አስይዞ መበደር ነዋ! ክሱን አሻሽለን እስክንመለስ ሁለት ቀጠሮ ሄደ። ቀጥሎ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ለባለሙያ መራው። ባለሙያው ለክቶ ያመጣው የአርማታ መጠን ከእኛ ልኬት አነሰ። የጎደለው አፈር ውስጥ የተቀበረው የመሠረቱ አርማታ ነበር፤ ሰውየው የለካው ከመሬት በላይ የሚታየውን ብቻ ነው። ጠበቃችን ይህን አንስቶ መጠየቅ አልቻለም፣ እኔ ደግሞ ኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ከንፈሬን እነክሳለሁ።

አልፈርድበትም። የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጾች ያውቃል። ፊዲክ የሚባለውን ዓለም አቀፍ የግንባታ ውል፣ አማካሪ መሐንዲሱ የሚያጸድቀውን የክፍያ ሰርተፊኬት፣ ቫሪዬሽንን (በውሉ ሥራ ላይ የሚታዘዘውን ለውጥ) ግን ማን አስተማረው? ውሉን የሚያረቅቀውም ደብዳቤውን የሚጻጻፈውም መሐንዲስ ነው፤ ጠበቃ የሚጠራው ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው።

ስለዚህ ስፔሻሊስት ፍለጋ አትንከራተት። ጥሩ የውል ጠበቃ ያዝ፣ ከጎኑ ክሌም ሠርቶ የሚያውቅ መሐንዲስ ወይም ኳንቲቲ ሰርቬየር (የሥራ መጠንና ዋጋ የሚያሰላ ባለሙያ) አስቀምጥ። ክሱ ከመጻፉ በፊት ሁለቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡ። እኛ በሁለተኛው ክርክራችን ያደረግነው ይህን ነው፤ የቀኑን ቅደም ተከተል በሰባት ገጽ አወጣን፣ በእያንዳንዱ ቀን ትይዩ ደብዳቤውን አያያዝን። ደብዳቤ ስልህ ባለቤቱ ተቀብሎ የፈረመበትን ቅጂ ማለቴ ነው። በቃል የታዘዝከውን ተጨማሪ ሥራ የቴሌግራም መልእክቱንም ቢሆን ፈልገህ አስቀምጥ።

ውልህን ዛሬውኑ ገልብጠህ እይ። የግልግል ዳኝነት አንቀጽ ካለው በቀጥታ ፍርድ ቤት ስትሄድ መቃወሚያ ይነሳብሃል። በፈረንጆች 1999 የወጣውን ፊዲክ የተከተለ ከሆነ ደግሞ አንቀጽ 20.1 ክሌምህን በ28 ቀን ውስጥ እንድታሳውቅ ያስገድድሃል፤ ብዙ ተቋራጭ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ባለቤቱም ዝም አይልም፣ «ግድግዳው ተሰነጠቀ» ብሎ የተከሳሽ ከሳሽ ይሆንብሃል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 3039 ከርክክብ ጀምሮ የአሥር ዓመት ዋስትና ስለሚጥልብህ የርክክብ ሰነዱን አሁኑኑ ፈልግ።

አንድ ነገር ንገረኝ፤ የመጨረሻው ሰርተፊኬት ላይ የአማካሪው ፊርማ አለ ወይስ እሱም አልፈረመም?