እናቴ ከቤቴ መውጣት ፈለገች፤ እንዴት ላስቀራት?

ጥያቄ (አሳጥሬዋለሁ)፦ «የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። እናቴ 72 ዓመቷ ነው። አባቴ ሲያርፍ እኔ ጋ መጣች፣ ሁለቱን ልጆቼን ያሳደገችልኝም እሷ ናት። ዜግነት ወስዳለች። ልጆቹ አሁን ሃይስኩል ገብተዋል። ሰሞኑን የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዋ የምትኖርበት የሲኒየር (የአዛውንት) አፓርትመንት ልግባ ብላ ተነሳች። ምን አጎደልኩባት? አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ‹እናታችንን መጦሪያ ልትጥያት ነው?› ብሎ ስልክ ዘጋብኝ። ሰውስ ምን ይለኛል? እንዴት ሐሳቧን ላስቀይራት?»

የኔ እህት፣ ሐሳባቸውን ማስቀየሪያ ዘዴ ከእኔ ጠብቀሽ ከሆነ የለኝም። ቢኖረኝም አልሰጥሽም። ደብዳቤሽ ውስጥ አንቺ የተሰማሽ አለ፣ ወንድምሽ ያለው አለ፣ ሰው ሊል የሚችለው አለ። እናትሽ ለምን መሄድ እንደፈለጉ ግን አንድ መስመር የለም። ጠይቀሻቸዋል? «ምን አጎደልኩብሽ?» ብለሽ እንዳይሆን ብቻ። እንደሱ ከጠየቅሽ መልሱ ይታወቃል፦ «ኧረ ምንም ልጄ፣ እግዜር ይስጥሽ»። ጨዋታው እዚያው ያልቃል።

እስቲ የእናትሽን ውሎ አስቢው። ጠዋት ሁላችሁም ትወጣላችሁ። እሳቸው መኪና አይነዱም። ልጆቹ ትንንሽ ሳሉ ቀኑ አይበቃቸውም ነበር፤ ማብላት፣ ማጠብ፣ ከስኩል ባስ መቀበል። አሁን ልጆቹ ይመጣሉ፣ ጆሯቸው ላይ የሰኩትን ሳይነቅሉ «ሃይ አያቴ» ብለው ወደ ክፍላቸው ይገባሉ። ቡና ቢያፈሉ ሁለተኛውን ስኒ የሚያነሳ የለም። ይሄ የአንቺ ጥፋት አይደለም። ግን መድኃኒት በመግዛትና አልጋ በማንጠፍ የሚሞላ ነገርም አይደለም።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እናትሽ ወደ አንድ ነገር እየሄዱ ነው ወይስ ከአንድ ነገር እየሸሹ? ሁለቱ ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ለማወቅ አንድ ቅዳሜ ጓደኛቸው ጋ አብረሽ ሂጂ፣ ስትመለሱ መኪና ውስጥ ዝም ብለሽ አዳምጪ። የሚያወሩት ስለ እዚያ ከሆነ፣ ማን ከማን ጋር ቡና እንደሚጠጣ፣ ማኅበሩ በየወሩ ማን ቤት እንደሚውል፣ መስኮቱ ምን እንደሚያሳይ፣ ልባቸው እዚያ ነው። «እናንተንም ላስቸግር አልፈልግም»፣ «ክፍሉን ለልጆቹ ልልቀቅ» የሚል ከበዛ ግን ቤትሽ ውስጥ የተባለ ነገር አለ። ምናልባት ባልሽ ስለ መብራት ሂሳብ የጣለው ቃል፣ ምናልባት አንቺ ደክሞሽ የተናገርሽው። ያኔ መጀመሪያ የሚጠገነው ያ ነው፤ አፓርትመንት አይጠግነውም።

ምርጫው የራሳቸው ለመሆኑ ለምን ይህን ያህል ቦታ እንደምሰጠው ልንገርሽ። ኤለን ላንገርና ጁዲዝ ሮዲን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1976 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት አንድ ታዋቂ ጥናት አለ። ነርሲንግ ሆም (ነርሶች የሚንከባከቡበት መጦሪያ) ውስጥ ለአንደኛው ፎቅ ነዋሪዎች «ክፍላችሁን እንደፈለጋችሁ አስተካክሉ፣ ይሄን ተክል ምረጡና ራሳችሁ ተንከባከቡት» ተባለ። ለሌላው ፎቅ «ተክላችሁን ነርሶቹ ያጠጡላችኋል፣ እናንተ አታስቡ» ተባለ። ከሳምንታት በኋላ ንቁና ደስተኛ ሆነው የተገኙት የመጀመሪያዎቹ ናቸው። እንግዲህ አንቺ በፍቅር «አታስቢ እማዬ» የምትይው ነገር የትኛው ፎቅ እንደሆነ አንቺው ፍረጂ።

ወንድምሽን አልፈርድበትም። እሱ «የአረጋውያን ቤት» ሲባል ዓይኑ ላይ የሚመጣው መቄዶንያ ነው። መቄዶንያ የሚሠራው ትልቅ ሥራ ነው፣ ግን የሚሰበስበው ጧሪ አጥተው ጎዳና የወደቁትን ነው። ልጅ እያለ እናት እዚያ ገባች ማለት ለእሱ ውርደት ነው። እናትሽ የሚሉት ግን ነርሲንግ ሆም እንኳ አይደለም። የራስ ቁልፍ፣ የራስ ወጥ ቤት፣ የራስ መታጠቢያ ያለው ተራ አፓርትመንት ነው፤ ልዩነቱ ጎረቤቱ በሙሉ አዛውንት መሆኑ ነው። ስልኩን ለእናትሽ ስጫቸውና ራሳቸው ይንገሩት። አንቺ መሃል ገብተሽ የምትሰደቢበት ምክንያት የለም።

አሁን ወደ ሕንፃው። ሴክሽን 202 በሚባለው የፌዴራል ፕሮግራም የተሠሩት 62 ዓመት የሞላቸውንና ገቢያቸው በጣም ዝቅተኛ የሆነውን ይቀበላሉ፣ ኪራዩ በአብዛኛው ከተስተካከለ ገቢ 30 በመቶ ነው። ከግሎቹ ብዙዎቹ ምግብና ጽዳት ጨምረው በወር በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይጠይቃሉ፤ ሜዲኬር (የመንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን) ለኪራይ አምስት ሳንቲም አይከፍልም። ምግብ የግድ የሚያስከፍል ቤት ከሆነ ደግሞ የዓመቱን ግማሽ ለሚጾሙ እናት ሳይበሉ መክፈል ነው።

ስትጎበኙ ሳሎኑ ላይ ያለው ፒያኖ አያታልልሽ። ቡና መቁላት ይቻላል? ዕጣንና ሻማ የሚከለክሉ ውሎች አሉ፣ የጭስ ደወሉ ሲጮህ መላው ሕንፃ በፒጃማ ወጥቶ ከሚያያቸው አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል። የልጅ ልጅ ስንት ሌሊት ማደር ይችላል? ሊፍቱ ሲበላሽ ምን ይደረጋል? ከአውቶቡስ ፌርማታው ቤተ ክርስቲያን በስንት ቅያሪ ይደረሳል? እሁድ ጠዋት ሞክሩት፣ የእሁድ አውቶቡስ ሌላ ነው። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ቢወድቁ የሚስቡት የድረሱልኝ ገመድ አለ? ካለስ ሌሊት የሚሰማው ማን ነው?

አንድ ነገር በቀልድ አትለፊው። ድስት እሳት ላይ እየረሱ ከሆነ፣ መድኃኒት ሁለቴ እየወሰዱ ወይም እየወደቁ ከሆነ፣ ከሁሉ በፊት ሐኪም ይያቸው። እንዲህ ባሉ ሕንፃዎች ውስጥ በአብዛኛው ነርስ የለም፣ ሌሊት የሚከታተልም የለም።

ጤናቸው ደህና ከሆነ ማመልከቻውን አሁኑኑ አስገቡ፣ ያውም ለአንድ ሕንፃ ብቻ አይደለም። ወረፋው በየሕንፃው ለየብቻ ነው፣ ዓመታት ሊወስድ ይችላል። ማመልከት መግባት አይደለም፤ ተራቸው ሲደርስ «ይቅርብኝ» ማለት ይችላሉ፣ ዝርዝሩ ላይ ለመቆየት ምን እንደሚያስፈልግ ብቻ ቢሮውን ጠይቁ። ቅጹን አንቺ አንብቢላቸው። ፊርማው የሳቸው ይሁን።