ክላስተሩ ላይ አንድ ፎስፊን ብቻ ለማስገባት

የጠየቁት ትራይሩቴኒየም ዶዴካካርቦኒልን (ሦስት ሩቴኒየም አቶሞች በትሪያንግል ተያይዘው 12 ካርቦን ሞኖክሳይዶችን፣ ማለትም ካርቦኒሎችን፣ የያዙበትን ክላስተር) በካርቦኒል ቦታ በፎስፎረሱ ከሚገባው ከትራይፌኒልፎስፊን ጋር ሞል ለሞል አድርገው ሲያሞቁ ባለ አንድ ፎስፊኑ ለምን ብቻውን እንደማይገኝ ነው። መነሻው በከፊል ሳይነካ ይቀራል፣ የቀረው ባለ ሦስት ፎስፊን ሆኖ ይወጣል።

ፎስፊኑን መቀነስ መፍትሔ አይሆንም። የመጀመሪያው ፎስፊን ከገባ በኋላ የቀሩት ካርቦኒሎች በሙቀት ከበፊቱ ቶሎ ይለቃሉ፤ ስለዚህ ቀጣዩን ፎስፊን የሚወስደው ያልተነካው መነሻ ሳይሆን አንዱን የያዘው ሞለኪውል ነው።

ሙቀቱን ትተው በኤሌክትሮን ያስጀምሩት። 91 ሚሊግራም ቤንዞፌኖን በ20 ሚሊ ሊትር ደረቅ ቴትራሃይድሮፉራን ውስጥ ከሚያስፈልገው በላይ በሆነ ሶዲየም በናይትሮጂን ሥር ያማስሉ፤ ድፍን ሐምራዊ ሲሆን ኤሌክትሮን ሰጪው ፈሳሽ ዝግጁ ነው። በሌላ ብልቃጥ 100 ሚሊግራም ክላስተርና 41 ሚሊግራም ፎስፊን በ15 ሚሊ ሊትር ቴትራሃይድሮፉራን ይጨምሩ፣ ክላስተሩ በቀላሉ ስለማይሟሟ እስከ 40 ዲግሪ ያሙቁት። ከዚያ ሐምራዊውን በጠብታ ይጨምሩ። የመጀመሪያዎቹን ጠብታዎች እርጥበትና ኦክስጅን ሊበሏቸው ይችላሉ። ብርቱካናማው ወደ ቀይ ሲጠቁር ቆም ይበሉና በኢንፍራሬድ ይዩት፦ የመነሻው የ2061 cm⁻¹ መስመር ጠፍቶ 2097 ላይ አዲስ ከወጣ ጨርሰዋል። 2061 ካለ ጥቂት ጠብታ ይጨምሩ፤ ከበዛ ግን ክላስተሩ ወደ አኒዮን (አሉታዊ ሙሌት ወዳለው አዮን) ይቀየርና ምርቱ ይበላሻል።

ምላሹ በአንድ ፎስፊን የሚቆመው ፎስፊኑ ኤሌክትሮን ሰጪ ስለሆነ ነው። ባለ አንዱ ክላስተር ከመነሻው ይልቅ ኤሌክትሮን ለመቀበል ይከብደዋል፣ ስለዚህ ኤሌክትሮኑ ወደ መነሻው ያልፋል። በኤሌክትሮን ፈንታ ካርቦኒሉን በትራይሜቲላሚን ኦክሳይድ ሲያስወግዱም ተመሳሳይ ነው፤ ኦክስጅኑ የካርቦኒሉን ካርቦን ያጠቃል፣ ፎስፊን ያለበት ክላስተር ካርቦን ደግሞ ለጥቃቱ እምቢተኛ ነው። ለእኔ ቁም ነገሩ ይህ ነው፦ ያው ሊጋንድ (ከብረቱ ጋር የተያያዘው ፎስፊን) በሙቀቱ መንገድ ያፋጥናል፣ በእነዚህ ሁለቱ ግን ያዘገያል። ሊጋንዱ «ያነቃቃል ወይስ ያዳክማል» ብሎ መጠየቅ ያለ መንገዱ ትርጉም የለውም።

ሦስቱን ሩቴኒየሞች አንድ ላይ ማቆየት ከፈለጉ ትራይፌኒልፎስፊኑን በ60 ሚሊግራም ቢስ ዳይፌኒልፎስፊኖ ሜቴን ይተኩት። ሁለቱ ፎስፎረሶች በሁለት ጎረቤት ሩቴኒየሞች ላይ ስለሚያርፉ ትሪያንግሉ በቀላሉ አይፈርስም። ከመጠን በላይ ካሞቁት ግን በፎስፎረሱ ላይ ያለው ፌኒል (የካርቦን ቀለበቱ) ተነቅሎ ቤንዚን (C₆H₆፣ የመኪና ነዳጁ ሳይሆን) ሆኖ ይወጣል።

በሲሊካ ሰሌዳ ላይ በሄክሴንና ዳይክሎሮሜቴን ሲለዩት መነሻው ቀድሞ ይሄዳል፣ ባለ አንዱ ይከተላል፣ ባለ ሦስቱ ወይን ጠጅ ወደኋላ ይቀራል። የሚወጣው ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ስለሆነ ሁሉንም በጋዝ መሳቢያ ሥር ይሥሩ፣ ብልቃጡንም ዘግተው አይተዉት።