ከዓይን ጠብታው አጠገብ የተቀመጠው ጠርሙስ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ከረሙ? የምጽፍልዎት ከኮምቦልቻ ነው። ወንድሜ ከዱባይ መጥቶ ግቢያችን ውስጥ ትንሽ መዋኛ ገንዳ አሠራ። እሱ ሲመለስ ገንዳውን መንከባከብ የኔ ሥራ ሆነ። ውሃውን የምመረምርበት ትንሽ ሳጥን ትቶልኛል። ውስጡ ባለ ቢጫ ክዳንና ባለ ቀይ ክዳን ጠርሙሶች አሉ። ያስቀመጥኩት ሳሎን፣ ቡፌው ላይ ነበር። ባለፈው ሳምንት እናቴ የዓይን ጠብታቸውን ሲፈልጉ ባለ ቢጫውን አንስተው፣ ክዳኑን ሲከፍቱ ደረስኩ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። የመረመርኩትን ውሃ እስካሁን ገንዳው ውስጥ መልሼ ነው የምደፋው። ልክ ነኝ? ጊዜ ያለፈባቸው ጠርሙሶችም አሉ፤ የት ልጣላቸው?

መልስ፦ አብሽር ልጄ። ደርሰህላቸዋል፣ ትልቁ ነገር እሱ ነው። ግን ቀላል ነገር ነው ብዬ አላልፈውም።

ባለ ቢጫ ክዳኑ ውስጥ ያለው፣ ክሎሪኑን የሚያሳይህ፣ ኦርቶቶሊዲን ይባላል። የተሟሟው ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ ነው። ዓይን ውስጥ ቢገባ ያቃጥላል። ኦርቶቶሊዲን ራሱ ደግሞ ካንሰር ያመጣሉ ተብለው ከሚጠረጠሩት ኬሚካሎች አንዱ ነው። ባለ ቀይ ክዳኑ ፌኖል ሬድ ነው፤ የውሃውን ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነቱን መጠን፣ የሚያሳይህ እሱ ነው። ከቢጫው ይሻላል። እሱም ቢሆን ዓይን ውስጥ የሚገባ ነገር አይደለም።

ጠርሙሱን እስቲ አንሳና እየው። ትንሽ፣ ለስላሳ ፕላስቲክ፣ ጫፉ ሹል፣ ጫን ሲሉት አንድ ጠብታ የሚያወጣ። ከእናትህ መድኃኒት በምን ይለያል? ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው፣ ፊደሉም የጤፍ ፍሬ ያህላል። ዓይናቸውን የሚያማቸው ሰው እንዴት ይለዩት?

ስለዚህ ሳጥኑ ዛሬውኑ ከሳሎን ይውጣ። ዕቃ ቤት ካለህ እዚያ፣ ልጅ የማይደርስበት ከፍታ ላይ፣ ተቆልፎ። በየጠርሙሱ ላይ ፕላስተር ለጥፍና በማርከር «መርዝ፣ የገንዳ» ብለህ በአማርኛ ጻፍ። የከፈትክበትን ቀንም ጨምርበት። ከክሎሪን ዱቄቱና ከአሲዱ ጋር ግን ጎን ለጎን አታስቀምጠው። የነሱ ትነት ጠብታውን ያበላሸዋል፣ ምርመራህም ውሸት ይሆናል። ሙቀት እንዳይነካው ብለህ ደግሞ ፍሪጅ ውስጥ ከምግብ ጋር እንዳታስገባው።

አያድርገውና ዓይን ውስጥ ከገባ፣ ጊዜ ሳትፈጅ በሚፈስ ንጹህ ውሃ ቢያንስ 15 ደቂቃ እጠብ። 15 ደቂቃ ረጅም ነው፤ ሰዓት እያየህ ቁጠር። ከዚያ ጠርሙሱን ይዘህ ወደ ሐኪም። የተዋጠ እንደሆነ አፍን በውሃ ማጉመጥመጥና ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። ለማስታወክ ብሎ ጣት መክተት፣ ወተት ማጠጣት ይቅር።

አሁን ወደ ውሃው። የመረመርከውን ገንዳው ውስጥ መመለስ ተው። እስካሁን የገባው ጥቂት ጠብታ ስለሆነ ገንዳውን መርዤዋለሁ ብለህ አትጨነቅ። ግን ልጆች እየዋኙ ከገንዳው ውሃ ይጎነጫሉ። ለምን ብለህ ኦርቶቶሊዲን ትጨምርበታለህ? መጸዳጃ ቤት ድፋውና ብዙ ውሃ ልቀቅበት። የበግ መጠጫ፣ የጎመን መደብ፣ የመንገድ ቦይ አይንካው። የቦዩ መጨረሻ ቦርከና ወንዝ ነው፣ በቦርከና ደግሞ አትክልት የሚያጠጡ ገበሬዎች አሉ።

መጸዳጃው በበረኪና ታጥቦ ከሆነ ግን መጀመሪያ በደንብ በውሃ አጥራው። ይህን የምልህ በራሴ ስለደረሰ ነው። ወጣት ሳለሁ እዚህ ደሴ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነበርኩ። አንድ ቀን አሲድ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ቶሎ ላጽዳው ብዬ በረኪና ደፋሁበት። አፍንጫዬን እንደ ሚጥሚጣ አቃጠለው። ጉሮሮዬ ተዘጋ፣ እንባዬ እየወረደ በሩን በዳበሳ ነው ያገኘሁት። ውጭ ወጥቼ የጦሳ ተራራን ነፋስ ስስብ ነው ነፍሴ የተመለሰችው። ሁለት ቀን ሙሉ በተነፈስኩ ቁጥር ደረቴ ይወጋኝ ነበር። አሲድና በረኪና ሲገናኙ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ነው። የጠብታህ አሲድ ጥቂት ነው፤ ገንዳ ቤት ያለው የአሲድ ጀሪካን ግን ጥቂት አይደለም።

ይህን ካነሳሁ አይቀር፣ የክሎሪን ዱቄቱንና ትሪክሎር የሚባለውን ጠፍጣፋ የክሎሪን ኪኒን በአንድ ማንኪያ አትጭለፍ። ሁለቱም ክሎሪን ናቸው ብለህ አንድ ዕቃ ውስጥም አትገልብጥ። ሲደባለቁ እሳት ሊነሳ፣ ሊፈነዱም ይችላሉ። ዱቄቱን ስትበጠብጥም ውሃው ይቅደም፣ ዱቄቱ ከላይ ይጨመር።

ስትመረምር ቱቦውን ምን ደፍነህ ነው የምትነቀንቀው? ብዙ ሰው አውራ ጣቱን ነው። ጠብታው ከጣት ወደ ዓይን፣ ከጣት ወደ እንጀራ ይሄዳል። ክዳኑን ተጠቀም፣ ጓንት አድርግ፣ ስትጨርስ እጅህን በሳሙና ታጠብ። ቱቦውንም ደጋግመህ አለቅልቀው። የቀረ ቀለም የነገውን ውጤት ያሳስታል።

ጊዜ ያለፈባቸውን በተመለከተ፣ ተከፍቶ ዓመት ያለፈውን ጠብታ አትመነው። ፌኖል ሬዱን አንድ አንድ ጠርሙስ እያልክ፣ መጸዳጃ ውስጥ ከብዙ ውሃ ጋር መድፋት ትችላለህ። ያልተጠቀምክበትን ኦርቶቶሊዲን ግን አትድፋው፣ አታቃጥለው፣ አትቅበረው። ክዳኑን አጥብቀህ፣ ጠርሙሱን አቁመህ፣ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አድርገው። ከዚያ የገንዳ ኬሚካል የሚሸጥልህን ሰው ይቀበል እንደሆነ ጠይቀው። እዚያው ኮምቦልቻ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢም አለላችሁ፤ የላቦራቶሪ ባለሙያ ፈልገህ አማክር። ይዘኸው ከመሄድህ በፊት ግን መጀመሪያ ጠይቅ። ምንም ቢሆን ወደ ሃይላንድ ጠርሙስ አትገልብጠው። ሃይላንድ ያየ ሰው የሚያስበው ውሃ ብቻ ነው።

ባዶውን ጠርሙስ አለቅልቀህ፣ በቢላ ቀደህ ጣለው። ለቆራሌው አትስጠው። ሌላ ቤት ገብቶ ሌላ ነገር ይሞላበታል።

ወንድምህ ሌላ ሳጥን ሲልክ ዲፒዲ የሚባለውን ይላክ። ቀለሙ ሮዝ ነው። ኦርቶቶሊዲን ክሎሪኑን ሁሉ ደባልቆ ይቆጥራል፤ ዲፒዲ ግን ውሃውን የሚያጸዳልህን ነፃ ክሎሪን ለይቶ ያሳይሃል። በሊትር ከ1 እስከ 3 ሚሊግራም ክሎሪን፣ ከ7.2 እስከ 7.8 ፒኤች ከሆነልህ ልጆቹ ይግቡ። አደራህን፣ ዲፒዲ በኪኒን መልክም ይመጣል፣ የራስ ምታት ኪኒን ነው የሚመስለው። እሱም ከእናትህ መድኃኒት ይራቅ።

ጥያቄ፦ ከደሴ ነኝ፣ ከቧንቧ ውሃ ሰፈር። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሮቶ ውስጥ እናጠራቅማለን። በረኪና ጨምሬበት በዲፒዲ ኪኒን ስመረምረው ብልጭ ብሎ ሮዝ ሆነና ወዲያው ጠፋ። ክሎሪን የለውም ማለት ነው? ልጨምር?

መልስ፦ እህቴ፣ እንዳትጨምሪ! ውሃውንም ለጊዜው አትጠጡት። ክሎሪን ሲበዛ የዲፒዲን ቀለም ያነጣዋል፣ ልክ ጨርቅ እንደሚያነጣው። ብልጭ ብሎ መጥፋቱ የመብዛት ምልክት ነው። ከሮቶው አንድ እጅ ውሃ ወስደሽ ክሎሪን ከሌለው ዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር ቀላቅይና እንደገና መርምሪ። ያገኘሽውን ቁጥር በ10 አባዢ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 5 ሚሊግራም ነው፤ ከዚያ ካለፈ ከሮቶው ቀንሰሽ ፈረቃው ሲመጣ በአዲስ ውሃ አቅጥኚው። ለቤት መጠጥ ከ0.2 እስከ 0.5 ይበቃል። ቱቦው ውስጥ የቀረው ሮዝ ውሃ ወደ ጀሪካን እንዳይመለስ፣ መጸዳጃ ቤት ይደፋ። ዘጠኙን እጅ ከየት ላምጣ ካልሽ፣ ከሱቅ አንድ የታሸገ ውሃ ግዢ።