ብየዳው ማታ ደህና ነበር፣ በሁለተኛው ቀን ለምን ተሰነጠቀ?

ወንድሜ ጥያቄህን አየሁት። የአየር ታንክ ላይ፣ ወፍራም ሃይቴንሳይል (ከተራው የጠነከረ ብረት) ላሜራ ነው፣ የቱቦ መግቢያ በ7018 (ደርቆ መያዝ ያለበት የብየዳ ኤሌክትሮድ) በይደህ ማታ ስትጨርስ ምንም አልነበረውም፣ በሁለተኛው ቀን ጠዋት ግን ከብየዳው ጠርዝ ጎን ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አገኘህ፣ "ብረቱ ፎርጅድ ይሆን?" ብለሃል። እንደገለፅከው ከሆነ ብረቱን ባትከስ ይሻላል፣ ይሄ የሃይድሮጅን ስራ ነው የሚመስለው።

ስትበይድ ኤሌክትሮዱ ልባስ ውስጥ ያለው እርጥበት፣ ያልተጠረገ ዝገት፣ ዘይት፣ ቀለም ሁሉ ሃይድሮጅን ይለቃል። አቶሙ በጣም ትንሽ ስለሆነ በደረቅ ብረት ውስጥ እንኳን ይሄዳል፣ ሄዶ ሄዶ ከብየዳው አጠገብ ቶሎ ቀዝቅዞ የጠጠረው ቦታ ላይ፣ ብየዳው ሲኮማተር በሚወጥረው በኩል ይጠራቀማል። ለዛ ነው የሚዘገየው፣ ሰዓታት ይፈጃል፣ አንዳንዴም 48 ሰዓትና ከዛ በላይ። ብዙ ሰው አልቀበል የሚለኝ ደግሞ ብረቱ በጠነከረ ቁጥር የባሰ መጎዳቱን ነው፣ የበርና የመስኮት ብረት ሲወጠር ትንሽ ይሳባል፣ ሃይቴንሳይል ግን ሃይድሮጅን ከገባበት ሳይሳብ ነው የሚሰነጠቀው። እ.ኤ.አ. በ2013 ሳን ፍራንሲስኮ አዲሱ ቤይ ብሪጅ የሚባለው ድልድይ ላይ ከ96 ወፋፍራም ማሰሪያ ዘንጎች 32ቱ ከተወጠሩ በኋላ በቀናት ውስጥ ተበጥሰዋል፣ ምክንያቱ ሃይድሮጅን ነበር፣ ሲወጠሩ ግን ሁሉም ደህና ነበሩ።

የጎንደርን ክረምት ደግሞ ታውቀዋለህ። ሐምሌና ነሐሴ ፓኬቱ ተከፍቶ ጥግ ላይ የከረመ 7018 እርጥበቱን ጠጥቶ ነው የሚጠብቅህ። አዘዞ በኩል የመኪና ሻንሲ ስንበይድ ተመልሶ የሚመጣብን ስንጥቅ በክረምት ነው የሚበዛው። ፀሐይ ላይ አስጥቶ "ደርቋል" ማለት አይሰራም፣ ምጣድ ላይ ማድረግም አይበቃም፣ ኤሌክትሮዱን ብረቱ ላይ አጣብቆ ማጋል ደግሞ ልባሱን ያበላሸዋል እንጂ አያደርቀውም። የሚያደርቀው ኦቨን ነው፣ ከ260 እስከ 430 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ቢያንስ ሁለት ሰዓት፣ ከዛ እስክትጠቀምበት 120 ዲግሪ አካባቢ ይቀመጣል፣ ከወጣ በኋላ አራት ሰዓት ሳይሞላው ጨርሰው። 6013 የሚባለውን ተራ ኤሌክትሮድማ ለእንደዚህ አይነት ብረት አታስበው።

አሁን ስንጥቁ ላይ ደርበህ እንዳትበይድ አደራ! በግራይንደር እስከ ሥሩ አውጣው፣ በቀይ ፔኔትራንት (ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ የሚያሳይ ቀለም) ስንጥቁ አልቆ እንደሆነ እይ፣ ዙሪያውን ንጹህ ብረት እስኪታይ ጥረግ፣ ከመበየድህ በፊት አሙቀው። ዲግሪው በውፍረቱና በግሬዱ ነው የሚወሰነው፣ የአምራቹ ወረቀት ላይ አለ፣ በግምት አትሂድ። ስትጨርስ ውሃ እንዳታፈስበት፣ ሸፍነህ ቀስ ብሎ ይቀዝቅዝ፣ ሙቀቱ ሃይድሮጅኑን ያስወጣዋል። ከ48 ሰዓት በኋላ ድጋሚ በፔኔትራንት እየው፣ ከዛ በፊት የታየው አይቆጠርም። ግፊት ስትሞክር በውሃ እንጂ በአየር አታድርገው፣ አየር የሞላው ታንክ ከፈነዳ አጠገቡ ያለ ሰው አይተርፍም፣ ይሄን የምለው ሰው እንዳይጎዳብን ነው።

የታንኩን ክዳን ብሎኖችም ጠይቀሃል፣ 12.9 (ጭንቅላታቸው ላይ የሚጻፍ የጥንካሬ ደረጃ ነው፣ በጣም ጠንካራ ናቸው) ከሆኑ ዝገት ላስለቅቅ ብለህ አሲድ ውስጥ እንዳትነክራቸው፣ ብረት አሲድ ውስጥ ሲቆይ ተሰባሪ እንደሚሆን ከ1875 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታወቀ ነው። በሽቦ ብሩሽ ይበቃል።

የላሜራውን ውፍረትና ግሬድ እዚሁ ጻፍልኝ፣ ለማሞቂያው ዲግሪ አብረን እናየዋለን።