መልስ፦ ኮቪድ ካለፈ በኋላ ልብ ለምን ይቆማል?

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ነፍስ ይማር። አጎትህ ከኮቪድ አገግመው ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ጣና ዳር ሲንሸራሸሩ ወድቀው አረፉ። «ኮቪዱ ነው ወይስ ቀናቸው ደርሶ?» ብለሃል፤ ለእናትህም ፈርተሃል። ሳይመረመር አፉን ሞልቶ የሚነግርህ የለም። ነገሩ ግን እንግዳ አይደለም።

ቫይረሱ ሳንባ ላይ ብቻ አይቆምም። ሰውነት ሲቆጣ የደም ሥር ውስጠኛ ግድግዳ ይጎዳል፣ ደምም ቶሎ ይረጋል። የልቡ ደም ሥር ቀድሞ በስብ ለጠበበ ሰው ሥሩን ዘግታ ልቡን ለማቆም ትንሽ የረጋ ደም ትበቃለች። አደጋው ትኩሳቱ ከለቀቀ በኋላም ለሳምንታት ይቆያል። ኢንፍሉዌንዛም እንዲሁ ያደርጋል።

ሌላው ፍርሃት ነው፤ ይሄን ሰው ይረሳዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ በጣሊያኗ ሎምባርዲ ከሆስፒታል ውጭ ልባቸው የቆመ ሰዎች ቁጥር ከቀደመው ዓመት ተመሳሳይ ወቅት በ58 በመቶ ጨመረ። ኒውዮርክ ላይ ሦስት እጥፍ ገደማ ደረሰ። ሁሉም በቫይረሱ ብቻ አልነበረም። ደረታቸውን እያመማቸው «ሆስፒታል ሄጄ ኮቪድ ከሚይዘኝ» ብለው ቤት የቀሩም አሉበት። እኛ ሰፈርም በ2012 ክረምት አንዲት እናት ደረታቸውን ሲወጋቸው «ጨጓራዬ ነው» ብለው ተልባ እየጠጡ ሁለት ቀን ተኙ። ደግነቱ ተረፉ።

እናትህ ደረቴን ጨመደደኝ፣ ግራ እጄ ደነዘዘ፣ ላብ አጠመቀኝ ካሉ ነገ አትበል። 907 ደውል። አምቡላንስ ከዘገየ ባጃጅም ቢሆን ይዘህ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ሩጥ፤ የቀረበህን። የደም ግፊት መድኃኒት ካላቸው ደግሞ «ተሽሎኛል» ብለው እንዳያቋርጡ ተከታተላቸው።