ኮምፒውተሩ ሲነሳ ስታክ ካደረገ ፎርማት ከማስደረግሽ በፊት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። የቤታችሁ ዴስክቶፕ ዊንዶውስ 10 ነው። ባለፈው ሳምንት እየሠራ እያለ መብራት ሄደበት። ከዚያ ወዲህ ሲበራ የዊንዶውሱ አርማ ይመጣል፣ ከሥሩ ያሉት ነጠብጣቦች ይዞራሉ፣ እዚያው ላይ ይቀራል። አንዳንዴ ብዙ ቆይቶ ይከፈታል፣ አንዳንዴ ጭራሽ አይከፈትም። ኮምፒውተር ቤት ስትወስጂው «ፎርማት ይደረግ» አሉሽ። ውስጡ ደግሞ የልጆቹ ፎቶና የባለቤትሽ የመመረቂያ ጽሑፍ አለ።

የዘመድ፣ የጎረቤትና የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ስፈታና ስገጥም ዓመታት ስለቆየሁ ያንቺን ዓይነት ብዙ አይቻለሁ። ስለዚህ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልለምንሽ። ፋይሎቹ ሌላ ቦታ ሳይገለበጡ ማንም ሰው ፎርማት እንዳያደርገው።

ለምን መሰለሽ? መብራት ከሄደ በኋላ የሚመጣ ስታክ አብዛኛውን ጊዜ መነሻው ከሁለት አንዱ ነው። ወይ የዊንዶውሱ ፋይል ተበላሽቷል፣ ይሄ ይጠገናል። ወይ ሃርድ ዲስኩ ራሱ ታሟል። ከውጭ ለሚያይ ሰው ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ያው አርማ፣ ያው የሚዞሩ ነጠብጣቦች። ሃርድ ዲስክ የተበላሸ ቦታ ላይ ሲደርስ ወዲያው «አልቻልኩም» አይልም። ያንኑ ቦታ ደጋግሞ ለማንበብ ይሞክራል። ዊንዶውሱ ደግሞ መልሱን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። አንዳንዴ ንባቡ ይሳካና ይከፈታል፣ አንዳንዴ አይሳካም። እኔ ሃርድ ዲስኩን ይበልጥ የጠረጠርኩት «አንዴ ይከፈታል፣ አንዴ እምቢ ይላል» ስላልሽ ነው።

የተለመደው ፈጣን ፎርማት የዲስኩን ገጽ አይፈትሽም። የፋይሎቹን ማውጫ ብቻ በአዲስ ይተካል። አዲሱ ዊንዶውስ ጤነኛ ቦታ ላይ ካረፈ ኮምፒውተሩ ለጥቂት ጊዜ እንደ አዲስ ይሠራል። ሁሉም ደስ ይለዋል። ቆየት ብሎ ያው ችግር ይመጣል፤ በዚህ መሀል ግን ፎቶዎቹ በነበሩበት ቦታ ላይ ሌላ ነገር ተጽፎበታል። አንድ የማውቀው መምህር ለዓመታት ያጠራቀመውን የትምህርት ማስታወሻ ያጣው በዚህ መንገድ ነው። ዲስኩም ብዙ ሳይቆይ ሞተ። በጣም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ማስታወሻዎቹን ማትረፍ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነበር።

አሁን ወደ ምርመራው እንግባ። መጀመሪያ ኮምፒውተሩን አጥፊና ከማውዝ፣ ከኪቦርድና ከስክሪን በቀር የተሰካውን ሁሉ ንቀይ። ፍላሽ፣ ፕሪንተር፣ ኤክስተርናል፣ የዋይፋይ መቀበያ፣ ሁሉም ይውጣ። ከዚያ አብሪውና በትክክል የት ላይ እንደሚቆም ተመልከቺ። የቆመው በአምራቹ አርማ ላይ ከሆነ፣ ለምሳሌ ዴል ወይም ኤችፒ የሚለው ላይ፣ ገና ዊንዶውስ ጋ አልደረሰም ማለት ነው። እዚያ ላይ ፎርማት ምንም አይፈይድም፤ የሚጠረጠሩት ራም (ኮምፒውተሩ ሲሠራ ነገሮችን ለጊዜው የሚይዝበት ማህደረ ትውስታ)፣ ኬብል፣ ወይም መልስ የማይሰጥ ዲስክ ናቸው። ፓስወርድ ካስገባሽ በኋላ ከሆነ የሚቆመው፣ አብረው የሚነሱ ፕሮግራሞች ወይም አንቲቫይረስ ነው ጣጣው። ሁለት አንቲቫይረስ በአንድ ላይ የተጫነበት ኮምፒውተር ብዙ አጋጥሞኛል። ያንቺ ነጠብጣቦቹ ላይ ነው የቆመው። ይህ ዊንዶውሱ ፋይሎቹንና ድራይቨሮቹን (የኮምፒውተሩን ክፍሎች የሚያሠሩትን ትንንሽ ፕሮግራሞች) ከዲስክ የሚያነብበት ሰዓት ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር አስተውዪ። ከኬዙ ፊት፣ ከማብሪያው አጠገብ፣ ትንሽ የዲስክ መብራት አለች። ነጠብጣቦቹ እየዞሩ እሷ ብልጭ ድርግም የምትል ከሆነ ዲስኩ እየሠራ ነው፤ ምናልባት አፕዴት እየጨረሰ ይሆናል፣ ታገሺው። ሳትጠፋ ደምቃ ከቀረች ዲስኩ አንድ ቦታ ላይ ተይዟል ብለሽ ጠርጥሪ። ጭራሽ ካልበራች ደግሞ ዊንዶውሱ ሌላ ነገር እየጠበቀ ነው፣ ወይም ዲስኩ ከነጭራሹ አይታየውም። ቀጥሎ ጆሮሽን ወደ ኬዙ አስጠጊ። ጤነኛ ሃርድ ዲስክ ለስለስ ያለ የመዞር ድምፅና አልፎ አልፎ ጭር ጭር የሚል ድምፅ አለው። ቀጭ… ቀጭ… ቀጭ… እያለ እኩል በእኩል የሚመታ ከሆነ ግን ወዲያው አጥፊው። የሚያነብበው ክንድ ቦታውን እያጣ ነው። እንደዚያ ሆኖ ባበራሽው ቁጥር ይብስበታል። የዚህን ጊዜ ከዲስክ ላይ ፋይል የሚያወጣ ባለሙያ ዘንድ ብቻ ነው የሚወሰደው። ዲስኩንም ማንም እንዳይከፍተው፤ ትንሽ ብናኝ እንኳ ይገድለዋል።

ያ ድምፅ ከሌለ ፋይሎቹን ራስሽ ማውጣት ትችያለሽ። ሌላ ኮምፒውተር ላይ 8 ጊጋ ፍላሽ አዘጋጂና የማይክሮሶፍትን የዊንዶውስ መጫኛ ጻፊበት። ፍላሹ ላይ የነበረው ነገር ይጠፋል፣ ባዶ ፍላሽ ይሁን። የታመመው ኮምፒውተር ላይ እሱንና ፋይሎቹን የምትገለብጪበትን ኤክስተርናል ዲስክ ስኪና ስታበሪ የቡት ምርጫውን (ከየት እንደሚነሳ የሚያስመርጠውን) ቁልፍ ደጋግመሽ ንኪ። ዴልና ሌኖቮ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ኤፍ 12 ነው፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ 9። መጫኛው ሲመጣ «ኢንስታል ናው» የሚለውን እንዳትነኪ። ከታች በግራ በኩል «ሪፔር ዩር ኮምፒውተር» የሚል አለ፣ እሱን ምረጪ። ከዚያ «ትራብልሹት»፣ ቀጥሎ «ኮማንድ ፕሮምፕት»። ጥቁር መስኮት ይከፈትልሻል።

እዚያ ጥቁር መስኮት ላይ ኖትፓድ ብለሽ በእንግሊዝኛ ጻፊና ኢንተር በዪ። ያው የምናውቀው ኖትፓድ ይከፈታል። «ፋይል» ከዚያ «ኦፕን» በዪ፣ ከታች የፋይል ዓይነቱን ወደ «ኦል ፋይልስ» ቀይሪ። አሁን የዲስኩን ፎልደሮች ታያለሽ። ሲ የነበረው ዲ ተብሎ ሊመጣ ይችላል፣ አትደንግጪ፤ «ዩዘርስ» የሚል ፎልደር ያለበትን ፈልጊ። የምትፈልጊውን ፎልደር በቀኝ ክሊክ ኮፒ አድርጊና ኤክስተርናል ላይ ፔስት አድርጊ። ስንት እንደቀረው የሚያሳይ ነገር የለውም፣ መስኮቱም የሞተ ይመስላል። ጠብቂው፣ እየገለበጠ ነው። መጀመሪያ የመመረቂያውን ጽሑፍ፣ ቀጥሎ ፎቶዎቹን፣ በትንሽ በትንሹ። ፊልምና ዘፈን መጨረሻ ይሁን። አንድ ፎልደር ላይ ከያዘው እሱን ተዪና ወደ ሌላው እለፊ፤ የታመመ ዲስክ ምን ያህል ጊዜ እንደቀረው አይታወቅም።

ሊኑክስ ሚንት ወይም ኡቡንቱ (በዊንዶውስ ፈንታ የሚሠሩ ነጻ ሲስተሞች) በፍላሽ ያለው ሰው በአካባቢሽ ካለ ደግሞ የበለጠ ይቀላል። ሳይጫን ከፍላሹ ብቻ ይነሳል፣ ፋይሎቹን እንደ ወትሮው በማውዝ እየጎተትሽ ትገለብጫለሽ። በሁለቱም መንገድ 48 አኃዝ ያለው የቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) ቁልፍ ከጠየቀሽ ዲስኩ ተቆልፏል ማለት ነው። ቁልፉን ኮምፒውተሩ ላይ በተከፈተው የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ፈልጊው። በቆዩ ዴስክቶፖች ላይ ብዙም አያጋጥምም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። መብራት ከሄደ በኋላ ዊንዶውስ በራሱ የዲስክ ፍተሻ ሊጀምር ይችላል። ከመጀመሩ በፊት ጥቂት ሰከንድ ይቆጥራል፣ በዚያ መሀል ማንኛውንም ቁልፍ ብትነኪ ይተወዋል። ፋይሎቹ እስኪወጡ ድረስ እንዲተወው አድርጊ። ብዙ ሰው «ቼክ ዲስክ አሂጂ» ብሎ፣ ማለትም ይህንኑ ፍተሻ፣ ቶሎ ይመክራል። ለጤነኛ ዲስክ ጥሩ ምክር ነው። ሊሞት ላለ ዲስክ ግን ከዳር እስከ ዳር ማስነበብ የቀረችውን አቅም መጨረስ ነው።

ፋይሎቹ ከወጡ በኋላ እፎይ በዪ። አሁን የዲስኩን ጤንነት እንይ። ዊንዶውሱ ከተከፈተልሽ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። ሰማያዊ ካሳየሽ ደህና ነው፣ ቢጫ ጥንቃቄ፣ ቀይ መጥፎ። ሊኑክስ ሚንት ላይም «ዲስክስ» የሚለው ያንኑ መረጃ ያሳያል። እኔ ሁለት መስመር ነው የማየው፦ በመጠባበቂያ ቦታ የተተኩ ሴክተሮችና (ትንንሽ የዲስክ ክፍልፋዮች) ገና ያልተነበቡ፣ በጥርጣሬ የተያዙ ሴክተሮች። እነዚህ ላይ ከዜሮ በላይ የሆነና በየቀኑ የሚጨምር ቁጥር ካለ ያ ዲስክ አይታመንም። ይቀየር።

ስትቀይሪ ሌላ ሃርድ ዲስክ አትግዢ፣ ኤስኤስዲ (የሚዞር ክፍል የሌለው ፈጣን ዲስክ) ግዢ። ለቤት ሥራ 256 ጊጋ ይበቃል፤ ባለ 2.5 ኢንቹ ሳታ ኤስኤስዲ የቆየ ዴስክቶፕ ላይም ይገባል። ኮምፒውተሩ የሚነሳበት ፍጥነት ራሱ ይገርምሻል። በነገራችን ላይ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። አዲስ ከተጫነ አይቀር ማሽኑ ዊንዶውስ 11 ይችል እንደሆነ አስጠይቂ። ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል፣ ፕሮሰሰሩም ኢንቴል ከሆነ 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ መሆን አለበት።

ዲስኩ ደህና ከሆነስ? ያኔ ጥርጣሬው ወደ ዊንዶውሱ ይዞራል፣ ይሄ ደስ የሚል ዜና ነው። በዚያው ፍላሽ ገብተሽ መጀመሪያ «ስታርትአፕ ሪፔር»ን ሞክሪ። እምቢ ካለ የመጨረሻውን አፕዴት አጥፊ፣ ወይም ሲስተም ሪስቶር (ዊንዶውሱ ቀድሞ ያስቀመጠው መመለሻ) ካለ መብራቱ ከሄደበት ቀን በፊት ወዳለው መልሺው። አሁን ቼክ ዲስክ ማስኬድም ትችያለሽ። ወደ ሴፍ ሞድ (ዊንዶውሱ በጣም አስፈላጊ በሆኑት ነገሮች ብቻ ወደሚነሳበት) ለመግባት ደግሞ የዊንዶውሱን የራሱን የጥገና ገጽ መጥራት ያስፈልጋል። ነጠብጣቦቹ ሲዞሩ ማብሪያውን ተጭነሽ አጥፊው፤ በተከታታይ ሁለት ሦስቴ ሲሆንበት ገጹን ራሱ ያመጣዋል። ይሄን ግን ፋይል ሳይወጣ አታድርጊው። እዚያ «ትራብልሹት»፣ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ»፣ «ስታርትአፕ ሴቲንግስ» ብለሽ ሪስታርት ሲያደርግ 4 ቁጥርን ተጫኚ።

በሴፍ ሞድ ያለችግር ከተከፈተ የዊንዶውሱ ዋና አካል ደህና ነው። የሚይዘው አብሮ የሚነሳ ድራይቨር ወይም ፕሮግራም ነው። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. በዓለም ዙሪያ ኤርፖርቶችና ባንኮች ሥራ ያቆሙት በዚህ ዓይነት ነገር ነበር። የክራውድስትራይክ የደህንነት ፕሮግራም አንድ የተበላሸ ፋይል በአፕዴት ላከ፣ ማይክሮሶፍት እንደገመተው 8.5 ሚሊዮን ያህል ኮምፒውተሮች መነሳት አቃታቸው። መፍትሔው በሴፍ ሞድ ገብቶ ያቺን ፋይል ማጥፋት ነበር። አንቺም እዚያ ስትገቢ በቅርቡ የተጫነውን ነገር አጥፊ። ቀሪዎቹን አብረው እንዳይነሱ አድርጊና ግማሽ ግማሽ እያደረግሽ መልሺያቸው፤ ጥፋተኛው ቶሎ ይለያል።

ሌላም የሚዘነጋ ነገር አለ። «ሻት ዳውን» ስትይ ዊንዶውስ 10 ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። በሚቀጥለው ቶሎ ለመነሳት የራሱን ሁኔታ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ነው የሚተኛው። ያ የተቀመጠው ነገር ሲበላሽ መነሻው ላይ ይይዛል። ሪስታርት ሲደረግ የሚከፈት፣ አጥፍተሽ ስታበሪው ግን የሚይዝ ከሆነ ይሄን ጠርጥሪ። በኮንትሮል ፓነል የፓወር ምርጫዎች ውስጥ «ፋስት ስታርትአፕ» የሚለውን አጥፊ። መብራት በሚመላለስበት ቤት ሁሉ ብታጠፊው እመርጣለሁ።

ራሙንም ማየት ቀላል ነው። ከሶኬት ንቀይው፣ ማብሪያውን ጥቂት ሰከንድ ተጭነሽ የቀረውን ኃይል አስወጪ፣ የኬዙን ብረት ንኪ። ራሙ ዳርና ዳር ባሉት መያዣዎች ነው የሚወጣው። ወርቃማ ጥርሶቹ ደብዝዘው ካየሽ በንጹህ ነጭ ላጲስ በቀስታ እሺያቸው፣ ብናኙን በደረቅ ብሩሽ አራግፊ፣ ቀጭ እስኪል መልሰሽ ግጠሚ። ሁለት ራም ካለ አንድ በአንድ ሞክሪ። እግረ መንገድሽን የዲስኩን ሳታ ኬብል ነቅለሽ ስኪው፣ ሌላ ካለሽ ቀይሪው። የላላ ኬብል ልክ እንደታመመ ዲስክ ያስመስላል። ሰዓቱና ቀኑ ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ ደግሞ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ፣ ሲአር 2032 የምትባለው፣ አልቃለች።

ስለ መብራቱም ሳልናገር አላልፍም። ስታቢላይዘር አለን ብለሻል፣ ጥሩ ነው፤ ቮልቴጁ ከፍና ዝቅ ሲል ያረጋጋዋል። መብራት ሲሄድ ግን ኮምፒውተሩ ያው ድንገት ነው የሚጠፋው። ለዚያ የራሱ ባትሪ ያለው ዩፒኤስ ያስፈልጋል። ለረጅም ሰዓት መያዙ አይደለም ጥቅሙ፣ ሴቭ አድርገሽ በሥርዓት ለመዝጋት ጊዜ መስጠቱ ነው። እስክትገዢ ድረስ መብራት በሄደ ቁጥር ከሶኬት ንቀይ፣ ሲመጣም እስኪረጋጋ ጥቂት ደቂቃ ጠብቂ።

ዛሬ ግን ፋይሎቹን ብቻ አውጪ፣ ሌላው ነገ ይደርሳል። ስትጨርሺ የዲስኳ መብራት ምን እንደምትመስልና ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ያሳየሽን ቀለም እዚሁ ጻፊልኝ፣ ከዚያ ተነስተን እንቀጥላለን።